ቡችላን አቅፎ ወደ ሱቅ

እሱ፦ ቡችላ የሚያሳድግ ሰው ሁሉ «ክትባቱን ሳይጨርስ ከግቢ እንዳታወጣው» ይባላል። ትክክል አይደለም እንዴ?

እሷ፦ ግማሹ ትክክል ነው። ፓርቮ ቫይረስ አፈር ላይ ለወራት ይቆያል፤ ያልተከተበ ቡችላን በቀናት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ክትባቱ ደግሞ እየተደገመ እስከ 16 ሳምንት ይዘልቃል። ነገር ግን ቡችላ ሰውንና ድምፅን በደንብ የሚለምደው በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ነው። ያ ጊዜ በር ተዘግቶበት ካለፈ፣ ሲያድግ ጃንጥላ የያዘ ሰው ባየ ቁጥር የሚደነብር፣ የሚሮጥ ልጅ ሲያይ የሚናከስ ሊሆን ይችላል።

እሱ፦ ታዲያ ምን ይሻላል?

እሷ፦ ታቅፎ ይውጣ! እግሩ መሬት አይንካ እንጂ የባጃጅ ጡሩምባ ይስማ፣ ነጠላ የለበሱ እናቶችን ይይ፤ ሱቅም ይግባ።

እሱ፦ መንገዱስ ይሁን፤ ሱቅ ግን ይከብደኛል። እኛ አገር ውሻ የሚፈራው ብዙ ነው፤ ምክንያትም አለው፤ የእብድ ውሻ በሽታ ዛሬም ሰው ይገድላል። በሃይማኖቱ የሚጠነቀቅም አለ። ዳቦና ሥጋ የሚሸጥበት ቤትማ ጭራሽ!

እሷ፦ እዚያማ አይገባም። የጨርቅ ሱቅ ወይም ሞባይል መጠገኛ ከሆነ ግን በር ላይ ቆሞ ባለቤቱን ማስፈቀድ ነው። ካልፈቀዱ አመስግኖ መሄድ። ከገባም 5 ደቂቃ ይበቃዋል። ጆሮውን ወደ ኋላ ካጣበቀ፣ ከንፈሩን ደጋግሞ ከላሰ ፈርቷልና ቶሎ ይውጣ።

እሱ፦ ልጆች «እንንካው» ሲሉስ?

እሷ፦ አንድ በአንድ፣ ቀስ ብለው፣ ደረቱን። ከነከሰ ወይም ከቧጨረ ግን «ቡችላ ነው» ተብሎ አይታለፍም፤ ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ አጥቦ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መሄድ ነው።