ለበሬዬስ?



አዘጋጆቹ ስለ አግሮኢኮሎጂና ስለ ዘላቂ ግብርና ትምህርት አጭር ንግግር እንዳደርግ ጋብዘውኛል። ዛሬ ጠዋት ወደዚህ ወደ ልደታ ስመጣ በሰንጋ ተራ በኩል ነው ያለፍኩት። ሰፈሩ የሰንጋ ስም ይዞ ቀረ እንጂ አሁን የሚታየው የባንክ ፎቅ ነው። እኔን ግን ስሙ ወደ ሐረርጌ መለሰኝ። የምነግራችሁ ነገርም ከአንድ በሬ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ከዚያው ልጀምር።

ከአለማያ ተመርቄ እንደወጣሁ ምሥራቅ ሐረርጌ ውስጥ የሰብል ባለሙያ ሆኜ ተመደብኩ። አንድ አዛውንት ገበሬ ነበሩ። ረጅሙንና ዘግይቶ የሚደርሰውን የአካባቢውን ማሽላ ትተው፣ ከማሳቸው እኩሌታ ላይ አጭሩንና ቶሎ የሚደርሰውን እንዲዘሩ ለመንኳቸው። እሺ አሉኝ። በዚያ ዓመት ዝናቡ ቀድሞ ቆመ። ረጅሙ ማሽላ ፍሬ ሳይቋጥር ሲቀር አጭሩ ደኅና ምርት ሰጠ። እኔ ደስታዬን አልቻልኩም፤ ሪፖርቴን ለመጻፍ ቸኮልኩ። ሰውዬው ግን ማሳው ዳር ቆመው በኦሮምኛ እንዲህ አሉኝ፦ “ልጄ፣ ለእኔስ ሰጠኸኝ፤ ለበሬዬስ?”

ያኔ ጥያቄው አልገባኝም ነበር። የሐረርጌ ገበሬ ማሽላና በቆሎ አብዝቶ ይዘራል። ቡቃያው ከፍ ሲል እያሳሳ ይነቅላል፤ የነቀለውን ደጁ ላይ ላሰረው በሬ በእጁ ያበላል። ቀጥሎ የታችኛውን ቅጠል እየገፈፈ ይመግባል፤ ከአጨዳ በኋላ ደግሞ አገዳው አለ። አገዳው መኖም፣ ማገዶም፣ የቤት መሥሪያም ነው። በሬው ሰብቶ ይሸጣል፤ እበቱ ተመልሶ ማሳ ይገባል። በማሽላው መሀል ቦሎቄ፣ በእርከኑ ጠርዝ ጫት ይተከላል። እኛ ማሳ የምንለው ለእርሳቸው ጓዳም፣ ጋጣም፣ የገንዘብ ሣጥንም ነበር። አጭሩ ማሽላ እህል ሰጠ፤ መኖ ግን አጎደለ። ሰውዬው በሬያቸውን ሳይሰባ፣ ዋጋው ሳይደርስ ሸጡት። የእኔ ሪፖርት “ኩንታል በሄክታር” የሚል እንጂ “በሬ” የሚል ዓምድ አልነበረውም።

ጥፋቱን በመምህራኖቼ ላይ አላሳብብም። መስክ ወስደው ይህንኑ አሳይተውናል። ለፈተና አይመጣም ብዬ ያልጻፍኩት እኔ ነኝ! ዛሬ አግሮኢኮሎጂ ብለን የምናስተምረው ትምህርት የሽማግሌውን ጥያቄ ከሪፖርቱ ውስጥ ማስገባት ይመስለኛል።

ይህን ስል ሳይንስን ትቶ ወደ ድሮው መመለስ ማለቴ አይደለም። ከእኛው ግቢ የወጡት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታ አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ በማውጣት እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት አግኝተዋል። አቀንጭራ የበላው ማሳ ያለው ገበሬ የላቦራቶሪን ጥቅም ከእኔ የበለጠ ያውቃል። ነገር ግን የወሎን ማሽላም አስቡት። እ.ኤ.አ. በ1973 የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ላይሲን የተባለው ጠቃሚ የፕሮቲን ክፍል የበዛባቸው የኢትዮጵያ ማሽሎች መኖራቸውን ይፋ አደረጉ። የወሎ ገበሬ ግን እንዲህ ያሉትን ማሽሎች አስቀድሞ “ወተት በጉንጬ”፣ “ማር ጩቄ” ብሎ ሰይሟቸው ነበር። ስሙን የሰማ ተመራማሪ ከየት መጀመር እንዳለበት ያውቃል።

ዶክተር መላኩ ወረደ ይህን ቀድመው ተረድተዋል። እ.ኤ.አ. በ1976 አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመውን የዕፅዋት ዘረመል ሀብት ማዕከል ሲመሩ፣ ዘር በማቀዝቀዣ መቀመጡ ብቻ አይበቃም፤ በገበሬው ማሳም እየተዘራ ይጠበቅ ብለው ሠሩ። በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተሰኘውን ሽልማት ያገኙት በዚሁ ሥራቸው ነው።

ሙሉውን ሳያዩ ቁራጩን ማየት ምን እንደሚያስከትል ደግሞ ከእኛ የበለጠ ማን ያውቃል? በግቢያችን አጠገብ የነበረው የሐረማያ ሐይቅ ዓይናችን እያየ ደረቀ። ከተራራው ደለል መጣበት፤ ለመስኖ ተቀዳ፤ ለከተማ መጠጥ ተቀዳ። እያንዳንዱ ቀጂ የራሱ በቂ ምክንያት ነበረው። ድምሩን የያዘ ግን አልነበረም። በቅርብ ዓመታት ውሃ መመለሱ ደስ ያሰኛል፤ ትምህርቱ ግን እንዳይረሳ።

እንግዲህ ልመናዬ ሁለት ነው። መምህራን ሆይ፣ ተማሪው ለሁለት ሳምንት ጉብኝት ሳይሆን ከዘር እስከ አጨዳ ከአንድ ቤተሰብ ጋር ይዋል። ጽሑፉን ሲያቀርብም ያ ገበሬ ከፈታኞቹ ጋር ተቀምጦ ይጠይቀው። በየመሥሪያ ቤቱ ያለን የቀድሞ ተማሪዎች ደግሞ የሪፖርት ቅጹን የምናዘጋጀው እኛው ነን። አገዳን፣ መኖን፣ አፈርንና ውሃን የሚመዘግብ ዓምድ መጨመር የማንንም ፈቃድ የሚጠይቅ ትልቅ ነገር አይደለም።

እኒያ አዛውንት አሁን በሕይወት የሉም። በማግሥቱ ዓመት ማሳቸውን በሙሉ ረጅሙን ማሽላ ዘሩበት፤ እኔም ዝም አልኩ። ዝም ከማለት ይልቅ “አገዳው የረዘመ፣ ግን ቶሎ የሚደርስ እንፈልግ” ብዬ ወደ ተመራማሪዎቹ መመለስ ነበረብኝ። ያን ጥያቄ ዛሬ ለእናንተ አስረክቤያለሁ።