ለጀማሪ የሚስማማ ሞተር ብስክሌት
(በትምህርት ቤታችን በዓል ቀን በአንድ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



የንግግሬ አርእስት አንድ ወጣት የመጀመሪያውን ሞተር ብስክሌት እንዴት ሊመርጥ እንደሚገባው ነው። ነገሩ ለበዓል ቀን ያነሰ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ከእኛ ከተመራቂዎቹ ብዙዎቻችን ነገ በግብርና፣ በጤና ወይም በንግድ ሥራ ተሰማርተን መኪና በቀላሉ ወደማይገባበት ቀበሌ መሄዳችን አይቀርም። በዚያን ጊዜ ሞተር ብስክሌት የሥራ መሣሪያችን ይሆናል። ምርጫው የተበላሸ እንደ ሆነ ደግሞ ዕዳው የሚከፈለው በወላጅ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን በአጥንትና በሕይወት ነው።

አባቶቻችን በቅሎ ሲገዙ ጥርሷን አይተው ዕድሜዋን ይገምታሉ፤ ሰኰናዋን ያነሣሉ፤ ጀርባዋን ይዳስሳሉ፤ አካሄዷንም ይመለከታሉ። ልጅም ግልቢያ ሲጀምር በገራም በቅሎ ላይ ይቀመጣል እንጂ ባልተገራ ፈረስ ላይ አይወጣም። እኛ ግን ዛሬ ሞተር ብስክሌትን የምንመርጠው ብዙውን ጊዜ በቀለሙ፣ በድምፁና ጓደኞቻችን በሚሉት ነው። የእኔ አሳብ ባጭሩ ይህ ነው፤ ጀማሪ ሊገዛ የሚገባው ሊያዝዘው የሚችለውን እንጂ ሊታይበት የሚፈልገውን አይደለም።

አንደኛ፣ ስለ ኃይሉ ልናገር። የሞተር መጠን በሲሲ ይለካል። በአገራችን መንገድ አዘውትረን የምናየው የህንዱ ባጃጅ ቦክሰር ባለ 100 እና ባለ 150 ሲሲ ሆኖ ይሠራል፤ ለጀማሪም ይህን የመሰለው መጠን ይበቃል። ምክንያቱን በፊዚክስ ትምህርት ተምረነዋል፤ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የእንቅስቃሴ ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው በአንድ ሰከንድ ውስጥ 17 ሜትር ያህል ያልፋል። ሕፃን ወይም ፍየል መንገድ ሲያቋርጥ አይቶ እጁ ፍሬኑን እስኪጨብጥ ድረስ ይህን ያህል መሬት ከኋላው ቀርቷል ማለት ነው። «ትልቅ ብገዛም ቀስ ብዬ እነዳለሁ» የሚል ይኖራል። ነገር ግን የጀማሪ እጅ ገና አልተገራም፤ ጉድጓድ ሲያናውጠው ሳያስበው ነዳጁን ይጨምራል። ይህ ስሕተት በትንሹ ሞተር ድንጋጤ ብቻ ቢያመጣ በትልቁ ከመንገድ ያወጣል። ዛሬ በኤሌክትሪክ የሚሠራውንም ለመግዛት የሚያስብ ሰው ይህንኑ ያስታውስ፤ ድምፁ ዝቅተኛ ቢሆንም ከቆመበት ሲነሣ ጉልበቱን ወዲያው ይሰጣልና።

ሁለተኛው የቁመትና የክብደት ነገር ነው። ገዢው ከመቀመጫው ላይ ሆኖ ሁለት እግሮቹን በመሬት ላይ ማሳረፍ ይችል እንደ ሆነ ይሞክር። ሞተሩን ሳያስነሣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይግፋው፤ ጋደም ቢል ብቻውን ቀና ሊያደርገው የሚችል መሆኑንም ይመርምር። ጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው በፍጥነት ሲሄድ ሳይሆን ቆሞ ሲዞር ወይም በጭቃ ላይ ሲንፏቀቅ ነው። እኅቶቻችንም ለሥራ ስለሚነዱ፣ ወንድም የመረጠው ቁመት ለእኅቱ ይስማማል ማለት አይደለም።

ሦስተኛው ጥገናው ነው። የጃፓኑ ሆንዳ በ1970ዎቹ ዓመታት (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ሲጂ 125 የተባለውን ሞተር ብስክሌት ሲሠራ፣ ብዙ ነጂዎች ዘይት በጊዜው እንደማይለውጡና ከባድ ጭነት እንደሚጭኑ በማሰብ የሞተሩን የውስጥ አሠራር ቀላልና ጠንካራ አደረገው። ከዚህ የምንማረው ለአገራችን መንገድ የሚበጀው ረቂቁ ሳይሆን ችላ ቢሉትም የሚታገሠው መሆኑን ነው። ስለዚህ ከመግዛታችን በፊት ወደ ከተማችን መካኒክ ሄደን ካንዴላው፣ የፍሬን ሸራውና ካቴናው በቅርብ ይገኝ እንደ ሆነ እንጠይቅ። መለዋወጫው የማይገኝለት ሞተር ብስክሌት ምንም ያህል ቢያምር ግቢ ውስጥ ቆሞ የዶሮ ማደሪያ ይሆናል።

ያገለገለ የሚገዛ ሰው በደላላ ቃል አይርካ። በሊብሬው ላይ የተጻፈውን የሻንሲና የሞተር ቁጥር በብረቱ ላይ ከተቀረጸው ጋር ያስተያይ። ሞተሩ ሳይሞቅ እንዲነሣ ያድርግ፤ አስቀድሞ የተሞቀ ሞተር ሕመሙን ይደብቃልና። ዘይት የሚያንጠባጥብ መሆኑን፣ ፍሪሲዮኑ የሚንሸራተት መሆኑን፣ የፊት ጎማው ቀጥ ብሎ የሚሄድ መሆኑን ይይ። ደግሞም የሚነዳበትን ከተማ ደንብ አስቀድሞ ይጠይቅ፤ በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በሞተር ብስክሌት እንቅስቃሴ ላይ ገደብ በተጣለ ጊዜ ብዙ ባለንብረት ተቸግሮ ነበር።

የመጨረሻውና ዋናው ነገር የዋጋው ስሌት ነው። የሞተር ብስክሌት ዋጋ ሻጩ የሚጠራው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ሄልሜቱና ትምህርቱም የዋጋው ክፍል ናቸው። የዓረቢያው ሎውረንስ የተባለው እንግሊዛዊ ልምድ ያለው ነጂ ነበር። ሆኖም በ1935 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ብስክሌት ከሚነዱ ሁለት ልጆች ለመራቅ ሲል ወደቀ፤ ሄልሜት አላደረገም ነበርና ጭንቅላቱ ተጎድቶ ከ6 ቀን በኋላ ሞተ። ካከሙት ሐኪሞች አንዱ ሂዩ ኬርንስ ነገሩን ተከታትሎ በ1941 የሄልሜትን ጥቅም የሚያስረዳ ጽሑፍ አወጣ። እንዲሁም በአሜሪካ በሎስ አንጀለስ አካባቢ 900 የሞተር ብስክሌት አደጋዎች ተመርምረው በ1981 ውጤቱ ሲገለጥ፣ አደጋ ከደረሰባቸው ነጂዎች ከመቶው 92ቱ መንዳትን የተማሩት በራሳቸው ወይም ከዘመድና ከጓደኛ ሆኖ ተገኘ። ከግማሽ የሚበልጡትም በነዱት ሞተር ብስክሌት ላይ የ5 ወር ልምድ እንኳ አልነበራቸውም። ስለዚህ ገንዘቡ ለሁሉ የማይበቃ ከሆነ ከሞተር ብስክሌቱ መጠን እንቀንስ እንጂ ከሄልሜቱና ከትምህርቱ አንቀንስ።

ውድ ወላጆቻችን ሆይ፤ ልጃችሁ ሞተር ብስክሌት ሲጠይቃችሁ መፍራታችሁ ከፍቅር የተነሣ መሆኑን እናውቃለን። ነገር ግን ተከልክሎ ብቻ የቀረ ልጅ የጓደኛውን ተውሶ፣ ያለ መንጃ ፈቃድና ያለ ሄልሜት፣ በጨለማ ሊነዳ ይችላል። ከመከልከል ይልቅ አብራችሁት ወደ ገበያ ውጡ፤ በቅሎ ስትመርጡ የነበራችሁን ትዕግሥት ለዚህም አውሉት። እናንተም ጓደኞቼ ሆይ፤ አባታችሁ በሬ ሸጦ በሚሰጣችሁ ገንዘብ ለታይታ የሚሆን ነገር አትግዙ። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይባላል፤ በመንገድ ላይ የፈሰሰ ደም ግን አይለቀምም።

ትንሹን ጀምሮ በሚገባ የተማረ ሰው ትልቁን ለመንዳት ዕድሜ ይኖረዋል። እግዚአብሔር ትምህርት ቤታችንን ይባርክ፤ ከዚህ የሚወጡትንም ሁሉ ከሄዱበት በደኅና ይመልሳቸው።