አሠሪዎቻችሁ አውሮፓን በመኪና እንዞራለን ሲሉ
(በእሑድ ስብሰባችን ላይ የተደረገ ንግግር)

እህቶቼ፣ ባለፈው እሑድ ከመካከላችን አንዷ፣ «ማዳም ልጆቹ ሲዘጉ አውሮፓን በመኪና እንዞራለን፣ አንቺም ትመጫለሽ አለችኝ፤ ምን ልበላት?» ብላ ጠይቃ ነበር። ሁለት ጊዜ ስለሄድኩኝ አንቺ ተናገሪ ተባልኩ። ንግግር አላውቅበትም፤ የደረሰብኝን ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው በፈረንጆቹ 2023 ነበር። ሁለት ቤተሰብ፣ ሁለት መኪና፣ አምስት ልጆች፣ አንድ እኔ። ከሚላን ተነስተን ወደ ስዊዘርላንድ፣ ከዚያ ወደ ፈረንሳይ። ማዳምና ሚስተር የምግብ ጠረጴዛው ላይ ካርታ ዘርግተው ማታ ማታ ሲያቅዱ እኔ ቡና አቀርብ ነበር። ሆቴሉን፣ ምሳ የሚበላበትን፣ ልጆቹ የሚዋኙበትን ሁሉ ጻፉ። እኔን የጻፈኝ የለም። እኔም አልጠየቅኩም። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር፤ እናቴ ጋ ደውዬ «አውሮፓ ልሄድ ነው» ብያለሁ።

ከሚላን በወጣን ቀን፣ ኮሞ ሳንደርስ፣ አውራ ጎዳናው ላይ ካለ ማረፊያ ቆምን። ነዳጅ ማደያ፣ ቡና ቤትና ሽንት ቤት ያለበት ነው። የትንሹን ልጅ ጡጦ ላጥብ ገባሁ። ስወጣ ሁለቱም መኪኖች የሉም። አንደኛው እኔ ሌላኛው ውስጥ ያለሁ መስሎት፣ ሌላኛውም እንደዚያው መስሎት ሄደዋል። ፓስፖርቴ ማዳም ቦርሳ ውስጥ ነው። ስልኬ ያለው የሊባኖስ ሲም ነው፣ እዚያ አይሠራም። የማዳምን ቁጥር በቃሌ አላውቀውም፤ የሆቴሉን ስም አላውቅም፤ ምን ልበላችሁ፣ ጣሊያን ልሁን ስዊዘርላንድ እሱንም አላውቅም! ሁለት ፖሊሶች ቡና ሊጠጡ ሲገቡ ተመልሼ ሽንት ቤት ገብቼ በሩን ቆለፍኩ። ምንም ሳላጠፋ፣ ቪዛ እያለኝ። ወረቀቱ እጄ ላይ ስለሌለ ብቻ።

በዚያ መንገድ ላይ ዞሮ መመለስ የለም፤ እስከሚቀጥለው መውጫ መንዳት አለባቸው። አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ጠበቅኩ። ማዳም ስትመጣ የመጀመሪያ ቃሏ «የት ነበርሽ?» ነው። ጡጦውን ሰጠኋት።

በ2024 «ዘንድሮ ጣሊያን፣ ስሎቬኒያና ክሮኤሺያ ነው» ስትለኝ ደብተር ይዤ ጠረጴዛው ጋ ሄድኩ። «ማዳም፣ የምናድርበትን ሁሉ ልጻፍ፤ ያለፈው ዓመት እንዳይደገም» አልኳት። ያለፈውን ስላነሳሁ ፊቷ ተለወጠ። ግን አልከለከለችኝም።

ይህን ያህል ስለ ዕቅዱ የማወራው ለምንድን ነው? የመንገዱ ዕቅድ ለእነሱ ሽርሽር ነው፣ ለእኛ ግን ወረቀት ነው። ሸንገን የሚባለው አሁን 29 አገር ነው። ቪዛው የሚጠየቀው ብዙ ሌሊት ከሚታደርበት አገር ኤምባሲ ነው፤ ሌሊቱ እኩል ከሆነ መጀመሪያ ከሚገባበት። ስለዚህ ሌሊቶቹን ቁጠሩ። እኛ ጣሊያን ሰባት፣ ክሮኤሺያ አምስት፣ ስሎቬኒያ ሁለት ስለነበር ለጣሊያን አመለከትን። ማመልከት የሚቻለው ጉዞው ስድስት ወር ሲቀረው ጀምሮ ነው፤ ቢዘገይ ቢዘገይ 15 ቀን ሲቀረው፣ እዚያ ድረስ ግን አትቆዩ። ክፍያው 90 ዩሮ ነው። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የሕክምና ኢንሹራንስ ይጠየቃል። ፓስፖርቱ ከአውሮፓ ከወጣችሁ በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር የሚቀረው መሆን አለበት፤ የኛ ፓስፖርት ለማሳደስ ስንት ምልልስ እንዳለው ደግሞ እናንተው ታውቃላችሁ። ኢቃማችሁም እስከምትመለሱ የሚቆይ መሆኑን እዩ። የቪዛውንና የኢንሹራንሱን ገንዘብ ከደሞዝ የሚቆርጡ አሠሪዎች አሉ። የምትሄዱት ለሥራ ነው፤ ማን እንደሚከፍል ቀድማችሁ ተነጋገሩ።

አሁን ደብተሩ ምን እንዳደረገ ልንገራችሁ። ሚስተር ከስፕሊት ተነስተን አንድ ቀን ሞስታርን አይተን እንመለስ አለ። ሞስታር ያለችው ቦስኒያ ነው፣ ቦስኒያ ደግሞ ሸንገን ውስጥ የለችም። እነሱ የፈረንሳይ ፓስፖርት ስላላቸው ወጥተው ይገባሉ። የእኔ ቪዛ ላይ ግን የመግቢያው ብዛት አንድ ይላል። አንዴ ከወጣሁ መመለስ የለም። «ሚስተር፣ እኔ ድንበሩ ላይ እቀራለሁ» አልኩት። ሳቀ። ቪዛውን አውጥቼ ቁጥሩን አሳየሁት። ዝም አለ፣ ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ፈለገ፣ ከዚያ ሞስታርን ሰረዘ። ልጆቹ ትንሽ አኮረፉኝ።

ከስፕሊት ዱብሮቭኒክ ስትሄዱም ይህ አለ። መንገዱ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ድሮ ኔዩም በምትባል የቦስኒያ ከተማ በኩል ጥቂት ያቋርጥ ነበር። በ2022 የፔልየሻትስ ድልድይ ስለተከፈተ አሁን ከክሮኤሺያ ሳይወጡ መሄድ ይቻላል። ስልኩ ግን በኔዩም በኩል ሊመራ ይችላል። ከኋላ ወንበር ሆኜ «ሚስተር፣ ድልድዩ!» እያልኩ ሄድኩ።

የቀለበቱ፣ የክፍያው፣ የነዳጁ ነገር የሹፌሩ ጣጣ ነው፣ እሱን ተዉት። የእኛ ጣጣ ሌሊቱ ነው። በመጀመሪያው ጉዞ ከልጆቹ ጋር አንድ ክፍል አደርኩ፤ ትንሹ ሌሊት ሲያለቅስ የምነሳው እኔ፣ ጠዋት ሻንጣ የማዘጋጀው እኔ፣ ቀን ጠመዝማዛው መንገድ ላይ ትውከት የምቀበለው እኔ። አሥራ ሁለት ቀን ያለ እረፍት። ሁለተኛው ላይ አንድ እሑድ ዕቅዱ ውስጥ ይጻፍልኝ አልኩ፤ ሚላን ላይ ሰጡኝ። ፖርታ ቬኔትሲያ የሚባለው ሰፈር የሐበሻ ምግብ ቤቶች አሉ። እንጀራ በላሁ፣ ቡና ጠጣሁ፣ ማንም «ነይ» ሳይለኝ አራት ሰዓት ተቀመጥኩ።

የቤት ሠራተኞች ስምምነት የሚባል አለ፣ ቁጥር 189፣ በ2011 የወጣ። አንቀጽ 9 ሠራተኛዋ የጉዞ ሰነዷን በእጇ የመያዝ መብት እንዳላት ይላል። ሊባኖስ አላጸደቀችውም፤ ጣሊያን ግን አጽድቃለች። ይህን ለማዳም አልነገርኳትም። «ብጠፋ ፖሊስ የሚጠይቀው አንቺን ነው፣ ፓስፖርቱ እኔ ጋ ይሁን» አልኳት። ያ ገባት። የእናንተ ማዳም እምቢ ካለች የፓስፖርቱንና የቪዛውን ገጽ ፎቶ አንሱ፣ ለእህታችሁም ላኩ። የማዳምን ስልክ በቃላችሁ ያዙ። 112 በሁሉም አገር ይሠራል፣ በነጻ ነው። ከመኪና ስትወርዱም ለአንድ ሰው በስሙ ጠርታችሁ ንገሩ።

አንዳንዶቻችሁ «እዚያ ከደረስኩ ለምን እመለሳለሁ?» እንደምትሉ አውቃለሁ። እሱ የየራሳችሁ ውሳኔ ነው፣ ዛሬ አልገባበትም።

ቪዛ የተመታላችሁ ካላችሁ ፓስፖርቱን ወይም ፎቶውን አውጡ። ቡናው እስኪፈላ የመግቢያውን ብዛትና የቀኑን ቁጥር አብረን እናንብብ።