የመስታወት ጣሪያ ለስፖርት መኪና

እሷ፦ በ1990ዎቹ አጋማሽ የወጣውን ፖርሽ 911 ታርጋ አስበው እስኪ። ጣሪያው ሰፊ መስታወት ነው። ማብሪያውን ስትጫን ወደ ኋላ ተንሸራቶ ከኋለኛው መስኮት ሥር ይገባል። ሰማዩ ሁሉ ያንተ!

እሱ፦ ማማሩንስ ያምራል፣ እህቴ። ግን መስታወት ከባድ ነው፤ ያ ክብደት ደግሞ የሚያርፈው መኪናው አናት ላይ ነው። ኩርባ ላይ በፍጥነት ስትገቢ መኪናው ይበልጥ ወደ ጎን ያዘነብላል። ቢኤምደብሊው በ2003 ኤም3 ሲኤስኤልን ሲያወጣ የብረቱን ጣሪያ እንኳ በካርቦን ፋይበር የተካው ለዚሁ ነው።

እሷ፦ እሱ ለውድድር ሜዳ ይሁን። ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚነዳው በተራ መንገድ ነው። ጠባብ ጋቢና ውስጥ ብርሃን ሲገባ እኮ መታፈኑ ይቀራል።

እሱ፦ የቀትር ፀሐይስ?

እሷ፦ ታርጋው መጋረጃ አለው!

እሱ፦ መጋረጃውም ክብደት ነው። እኔ ቀላሉን ጣሪያ እመርጣለሁ።