በረዶውን የለኩት ጳጳስ



መለካት የኃላፊነት ፍጻሜ ሳይሆን መጀመሪያው መሆኑን የላውንስሎት ፍሌሚንግ ሕይወት ያስረዳል።

እ.ኤ.አ. በ1906 በኤዲንብራ የተወለዱት ፍሌሚንግ በካምብሪጅ ሥነ ምድርን አጥንተው የአንግሊካን ቄስ ሆኑ። በ1928 በአንታርክቲካ ግራሃም ምድር ላይ በአውሮፕላን የተደረገ አሰሳ ስፍራው በባሕር ሰርጦች የተቆራረጠ ደሴት ነው የሚል ግምት አስከትሎ ነበር። ከ1934 እስከ 1937 በጆን ራይሚል የተመራው ጓድ ፍሌሚንግን በቄስነትና በሥነ ምድር ባለሙያነት ይዞ ዘመተ። በ1936 ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር ውሾች በሚስቡት ሸርተቴ ወደ ደቡብ ዘለቁ። በጓዱ ቅየሳም ምድሩ ከአህጉሩ ያልተነጠለ ባሕረ ገብ መሬት መሆኑ ተረጋገጠ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት «ክዊን ኤልዛቤት» በተባለችው የጦር መርከብ ላይ የባሕር ኃይሉ ቄስ ነበሩ። በ1949 የፖርትስመዝ፣ በኋላም የኖርዊች ጳጳስ ሆኑ። ሹመቱ ግን በረዶውን አላስረሳቸውም። በ1967 የአንታርክቲካን እንስሳትና ዕፀዋት የሚጠብቀው ሕግ በጌቶች ምክር ቤት እንዲያልፍ ተሟገቱ። በ1990 ዐረፉ።

ምድሪቱን በእግሩ የለካ ሰው ስለ እርሷ የመናገር አደራ አለበት። ካርታውን አስረክቦ ዝም የሚል ባለሙያ ሥራውን በግማሽ ትቶታል።