ስለ ንጹሕ ኃይል ንግድና ስለ ቤታችን ጭስ



ዓለም ለፀሐይ፣ ለነፋስና ይህን ለመሰለው ንጹሕ ኃይል የሚያፈሰው መዋዕለ ንዋይ እ.ኤ.አ. በ2024 ዓ.ም. ወደ 2 ትሪሊዮን ዶላር ደርሷል፤ ለነዳጅ ዘይት፣ ለጋዝና ለድንጋይ ከሰል የወጣውን እጥፍ ያህል መሆኑ ነው። ለአፍሪካ የደረሳት ግን ከመቶ 3 አይሞላም።

አገራችን በዚያው ዓመት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከልክላለች፤ የግድቦቿ ኤሌክትሪክ አለና። መልካም ነው፤ መኪና ላለው።

እናቴ ግን እዚሁ ቡታጅራ፣ መብራት በገባበት ቤት፣ ቆጮ የምትጋግረው እስከ ዛሬ በእንጨት ነው። ዓይኗ ከጭሱ የተነሣ ሁልጊዜ ቀይ ነው። ምክንያቱን ብጠይቃት «የኤሌክትሪክ ምጣድ ዋጋው ይቀመሳል?» አለችኝ።

በንግድ የታወቅን ሰዎች አይደለንምን? ነጋዴዎቻችን ምጣዱን በዱቤ ቢሰጡ፣ እናቴ በየገበያው ቀን ለማገዶ የምታወጣውን ገንዘብ ለእነርሱ ትከፍላለች።