አሮጌው ፕሌይስቴሽን፣ አዲሱ ጆይስቲክ

(በምሩቃን ማኅበራችን የመገናኛ ቀን በዘመሮ የቀረበ ንግግር)



የተሰጠኝ ጊዜ አጭር ስለሆነ በቀጥታ ወደ ጉዳዬ ልግባ። የማወራው ስለ ግድብ ወይም ስለ ሳተላይት አይደለም፤ ስለ ፕሌይስቴሽን ቤት ነው። ትስቃላችሁ አይደል? ግን እዚህ ከተቀመጥነው ውስጥ ከክፍል ቀርቶ ጆይስቲክ ያልጨበጠ ስንቱ ነው?

እንደ ዘመሮ ባለ የደጋ ከተማ አንድ ወጣት የራሱን ሥራ ልጀምር ሲል ከሚያስባቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነው። ሁለት ቴሌቪዥን፣ ሁለት ፕሌይስቴሽን ቱ፣ አራት ጆይስቲክ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር። ማሽኑ ጠንካራ ነው፤ ቀድሞ የሚሞተው ጆይስቲኩ ነው። ገመዱ አንገቱ ላይ ይበጠሳል፣ የቁልፉ ጎማ ያልቃል፣ አናሎጉ ማንም ሳይነካው ወደ ግራ ይሄዳል። ከዚያ ሜሞሪው ይከተላል። ማሽኑ ደህና ሆኖ ሳለ ቤቱ ይዘጋል፣ ልጁም ሥራ ፈት ይሆናል።

ፕሌይስቴሽን ቱ በጃፓን ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2000 ነው። በዓለም ዙሪያ ከ155 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል። የመጨረሻዎቹ የእግር ኳስ ዲስኮች የወጡለት በ2013 ነው። ዛሬ ኦሪጅናል ጆይስቲክ ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው፤ በርካሽ የሚገኘው ቅጂ ደግሞ ብዙ አይቆይም። በአንጻሩ በዩኤስቢ የሚሰካ የኮምፒውተር ጆይስቲክ፣ የፕሌይስቴሽን 3 እና የፕሌይስቴሽን 4 ጆይስቲክ በየቤታችሁ መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል።

«ታዲያ ፕሌይስቴሽን ቱ ፊቱ ላይ ሁለት የዩኤስቢ ቀዳዳ አለው አይደል? ለምን አይሰካበትም?» የሚል ይኖራል። ቀዳዳው አለ፤ ግን ስትሰኩበት አብዛኛው ጨዋታ ዝም ይላል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ጨዋታው ሲሠራ ጆይስቲክን እንዲፈልግ የታዘዘው ዘጠኝ መስመር ባለው በራሱ መሰኪያ በኩል ብቻ ነው። ዩኤስቢው ለካሜራ፣ ለኪቦርድ፣ ለመሪ ተብሎ የተተወ በር ነው፤ እንግዳው በጓሮ ቢገባ ባለቤቱ ከፊት በር ሆኖ ነው የሚጠብቀው።

ነገሩን በእኛው ቋንቋ ላስረዳ። ክፍል ውስጥ መምህሩ ስም ይጠራል፣ ተማሪው «አቤት» ይላል፤ ሳይጠራ የሚናገር የለም። ዩኤስቢ እንዲህ ነው፤ ጠሪው ማሽኑ ነው፣ ጆይስቲኩ ተጠሪ ነው። የፕሌይስቴሽኑም የራሱ መሰኪያ እንዲሁ ነው። ማሽኑ ይጠራል፣ ጆይስቲኩ በመጀመሪያ ማንነቱን በቁጥር ይናገራል። በሄክሳዴሲማል 41 ካለ ቁልፍ ብቻ ያለው ነው። 73 ካለ አናሎግ አለው። 79 ካለ ደግሞ ቁልፉ ምን ያህል እንደተጫነ ጭምር ይናገራል። ከዚያ በኋላ ነው የቁልፎቹ ሁኔታ የሚተላለፈው። ይህንን መልስ በትክክልና በሰዓቱ የሰጠ ማንኛውም ነገር፣ ለማሽኑ ጆይስቲክ ነው። አበው «ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል» ያሉት ለዚህም ይሠራል። ማሽኑ የሚፈርደው በአነጋገር ነው እንጂ መልክ አያይም።

ስለዚህ ሁለት መንገድ አለ።

አንደኛው በሶፍትዌር ነው። «ኦፕን ፒኤስ ቱ ሎደር» የሚባለው በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም፣ ጨዋታው ወደ ጆይስቲክ መሰኪያው የሚልከውን ጥያቄ መንገድ ላይ ይዞ፣ መልሱን በዩኤስቢ ወይም በብሉቱዝ ከተያያዘ የፕሌይስቴሽን 3 ወይም 4 ጆይስቲክ ያመጣል። ገንዘብ አይጠይቅም፤ ግን ገደብ አለው። የማሽኑን የገቢና ወጪ ሥራ የሚሠራው ፕሮሰሰር ያለው ሜሞሪ 2 ሜጋባይት ብቻ ስለሆነ፣ ቦታው የሚጠብባቸው ጨዋታዎች እንቢ ይላሉ።

ሁለተኛው በመሃል አስተርጓሚ ማስቀመጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 በ4 ዶላር የወጣው «ራስፕቤሪ ፓይ ፒኮ» የተባለ ትንሽ ቦርድ ይበቃል። በአንድ በኩል ለዩኤስቢ ጆይስቲኩ መምህር ይሆናል፤ በሌላ በኩል ለፕሌይስቴሽኑ ተማሪ ይሆናል። ቦርዱም የማሽኑ መሰኪያም በ3.3 ቮልት አካባቢ ስለሚነጋገሩ ይግባባሉ። ነገር ግን ሦስተኛው መስመር ለመንቀጥቀጫው ሞተር ወደ 7.5 ቮልት ያወጣል፤ እሱን በስህተት ቦርዱ ላይ የበየደ ቦርዱን ደህና ሰንብት ይበለው።

አስተርጓሚ ሁሉ የሚያስቀረው ነገር አለ። የድሮው ጆይስቲክ አብዛኛው ቁልፍ ከ0 እስከ 255 ድረስ ግፊት ይለካል። የፕሌይስቴሽን 4 ጆይስቲክ ላይ ከእነዚያ ቁልፎች አብዛኞቹ ተጫኑ ወይም አልተጫኑም ብቻ ነው የሚሉት። ለኳስ ብዙም አያሳስብም። «ግራን ቱሪስሞ 3» ላይ ግን ነዳጁን በ«ኤክስ» ቀስ እያለ የሚሰጥ ሰው፣ መኪናው ሁልጊዜ በሙሉ ኃይል ሲፈተለክ ያገኘዋል።

ሜሞሪውም እንዲሁ በአስመሳይ ይተካል። ኦሪጅናሉ 8 ሜጋባይት ነው። ያው ፕሮግራም በፍላሽ ላይ ያለን አንድ ፋይል ለጨዋታው ሜሞሪ ካርድ አስመስሎ ያቀርብለታል። መብራት በሚመላለስበት ቦታ ይህ ትልቅ ነገር ነው። እየተቀዳ ሳለ መብራት ቢሄድ ፋይሉም ሊበላሽ ይችላል፤ ልዩነቱ ፋይል መሆኑ ነው። ማታ ማታ ሌላ ፍላሽ ላይ ይገለበጣል፣ የልጆቹ የወራት ሊግ ነገ ጠዋት ይመለሳል። ጨዋታውንም ከፍላሽ መጫን ይቻላል፤ ግን የማሽኑ ዩኤስቢ በሴኮንድ ከ12 ሜጋቢት አያልፍምና የመግቢያው ቪዲዮ ቢንተፋተፍ አትደንግጡ።

አሁን ይህን ሁሉ ለምን አወራለሁ? እኛ ቲዮሪውን በክፍል ተምረናል። ሲሪያል ኮሙኒኬሽን፣ ፕሮቶኮል፣ ማይክሮኮንትሮለር ፈተና ወድቀንም አልፈንም ወጥተናል። ብየዳውን ግን ብዙዎቻችን እንፈራዋለን። ዘመሮ ውስጥ ሬዲዮና ሞባይል የሚጠግነው ልጅ ደግሞ እጁ አይፈራም፤ የጎደለው ያ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ የሚነግረው ሰው ነው። ሁለቱ ቢገናኙ አንድ ጠረጴዛ ይበቃል። በጆይስቲክ የተማረ ልጅ ነገ የውሃ ፓምፕ መቆጣጠሪያ ወይም የወፍጮ ሞተር መጠበቂያ ሲያጋጥመው ያው ጥያቄና መልስ መሆኑን ያውቃል።

የምጠይቃችሁ ሦስት ነገር ነው። በመሳቢያችሁ የተኛውን የዩኤስቢ ጆይስቲክ አምጡ፤ ቢበላሽም ገመዱ ይጠቅማል። ከውጭ የምትመጡ አምስት አምስት ቦርድ በሻንጣችሁ ያዙ፤ ክብደቱ ከአንድ ሸሚዝ ያንሳል። የኤሌክትሪካልና የኮምፒውተር ሰዎች ደግሞ በዓመት አንድ ሳምንት እዚህ መጥታችሁ አስተምሩ። ዘመሮ ብርድ ናትና ጋቢ ያዙ፤ ማደሪያውን እኛ እናዘጋጃለን።